እስስትን መመገብና መንከባከብ (ከአጥሯ ሳናወርዳት)

የሳይንስና ተፈጥሮ ዓምዳችን የዛሬ እንግዳ እስስት ናት። በኦሮምኛ ጋረራ እንላታለን። ዝናቡ ሲያባራ የኮሽሙ አጥር ላይ ወጥታ ፀሐይ የምትሞቀው፣ አንዱን ዓይኗን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ የምታሽከረክረው፣ ስትራመድም ልሂድ አልሂድ እያለች የምትወዛወዘው እንስሳ ማለት ናት።

ርዕሱን የመረጥነው ዝም ብለን አይደለም። በዚህ መንፈቀ ዓመት ብቻ እስስት ተይዛ ወደ ክፍል ስትመጣ ሦስት ጊዜ አይተናል። ሁለቱ በሳምንት ውስጥ ሞተዋል። አንደኛዋ ሃይላንድ ውስጥ ገብታ፣ ክዳኑ ተዘግቶባት፣ ከሥሯ ቁራሽ እንጀራ ተደርጎላት ነበር። ያመጣት ልጅ ሊጎዳት አስቦ አይደለም። ሊያሳድጋት ፈልጎ ነው፤ እንጀራውንም ከራሱ ምሳ ላይ ቆርሶ ነው የሰጣት። ችግሩ እስስት እንጀራ አትበላም። የተዘጋ ላስቲክ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ምድጃ ይግላል። ስለዚህ እስስት እወዳለሁ የምትሉም፣ ኧረ እኔ እፈራታለሁ የምትሉም፣ ይህችን ጽሑፍ እስከ መጨረሻዋ አንብቡልን።

መጀመሪያ ስለ ፍርሃቱ

ስለ እስስት የማይወራ የለም። «መርዝ ትተፋለች»፣ «ምራቋ ዓይን ያጠፋል»፣ «ከነከሰች መድኃኒት የለውም» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። በዚህ ወሬ ምክንያት ስንቷ በድንጋይ ተወግራለች! ሰውም ሐሳቡን ሲለዋውጥ «እንደ እስስት ይለዋወጣል» ተብሎ ይሰደባል፤ ስሟ እንኳን ስድብ ሆኗል።

እውነቱን እንነጋገር። እስስት መርዝ የላትም። መርዘኛ እባብ መርዝ የሚያመነጭ ዕጢና መርዙን የሚወጋበት ጥርስ አለው፤ እስስት ግን ሁለቱም የሏትም። ስትያዝ አፏን ትከፍታለች፣ ሰውነቷን ትነፋለች፣ ትጠቁራለች፣ «እስስስ» የሚል ድምፅም ታሰማለች። ይህ ሁሉ ማስፈራሪያ ነው። ሮጣ ማምለጥ የማትችል እንስሳ ሌላ ምን ታድርግ? ትልቅ ከሆነች ጣት ልትቆነጥጥ ትችላለች፤ በውሃና በሳሙና መታጠብ ይበቃል።

ምራቋን በተመለከተ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የቤልጅግና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በእስስት ምላስ ጫፍ ላይ ያለውን ፈሳሽ ሲለኩት ከሰው ምራቅ 400 ጊዜ ያህል የወፈረ ሆኖ አገኙት። ነፍሳት ምላሷ ላይ ተጣብቀው የሚቀሩትም በዚህ ነው። አስቡት እንግዲህ፣ አፋችሁን ማር ሞልታችሁ ሰው ላይ ለመትፋት ብትሞክሩ ምን ያህል ይርቅላችኋል? የእስስት ምራቅ ለማጣበቅ እንጂ ለመትፋት የተሠራ አይደለም።

አንድ እውነተኛ ጥንቃቄ ግን አለ። እንደ ማንኛውም ተሳቢ እንስሳ በእስስት ቆዳና ኩስ ላይ ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። እሷን የነካ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ምሳ ዕቃውን መክፈት የለበትም። የሚያስፈራን ከመርዟ ይልቅ ያልታጠበ እጃችን ቢሆን ይሻላል።

ምግቧና አበላሏ

የእስስት ምግብ ነፍሳት ናቸው። ፌንጣ፣ ዝንብ፣ የእሳት እራት፣ ቢራቢሮ፣ ትንንሽ ጥንዚዛ፣ ሸረሪት፣ በረሮ፣ ፀጉር የሌለው ትል ትበላለች። የመን ውስጥ የምትኖር አንድ የእስስት ዓይነት ቅጠልም ትቀምሳለች፤ የእኛ አገሮቹ ግን በነፍሳት ነው የሚኖሩት። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተት፣ ሩዝ ለእስስት ምግብ አይደለም። ወተቱማ በአፏ በግድ ሲፈስ ወደ ሳንባዋ ገብቶ ሊገድላት ይችላል።

ሌላው ማወቅ ያለብን፣ እስስት የምታድነው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። የሞተ ዝንብ ፊቷ ብታስቀምጡላት አብዛኛውን ጊዜ ምንም እንደሌለ ቆጥራ ታልፈዋለች። «ሰጠኋት፣ እምቢ አለች፣ ጠግባለች» የሚሉ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አልጠገበችም፤ ምግብ መሆኑን አላወቀችም።

አስተዳደኗን ቆማችሁ ብታዩት ከፊልም ይበልጣል። በመጀመሪያ ሁለቱ ዓይኖቿ ለየብቻ ይዞራሉ። የዓይኗ ሽፋን ተጋጥሞ የገጠመ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ናት የምታይበት። አንደኛው ዓይን ፌንጣውን ሲያገኝ ሌላውም ይዞርና ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ያነጣጥራሉ። ርቀቱን ለካች ማለት ነው። ቀስ ብላ አፏን ትከፍታለች፣ ከዚያ ጧ! ፌንጣው የለም። ምላሷ ከሰውነቷ ርዝመት በላይ ይወረወራል።

ይህን ያህል የሚፈጥነው ለምንድን ነው? ወንጭፍ የያዘ ሰው ያውቀዋል። የወንጭፉ ላስቲክ ቀስ ብሎ ይሳብና ሲለቀቅ ድንጋዩ ከእጃችን ፍጥነት በላይ ይሄዳል። የእስስት ምላስ ውስጥም እንደ ላስቲክ የሚለጠጡ ክሮች አሉ፤ ጡንቻዋ አስቀድሞ ይወጥራቸዋል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ። የላስቲክ ነገር ደግሞ ብርድ ብዙ አይጎዳውም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። እስስቷ በቀዘቀዘች ጊዜ ምላሷን የምትወረውርበት ፍጥነት ብዙም አልቀነሰም፤ ምላሷን መልሳ የምትስብበት ፍጥነት ግን በጣም ቀነሰ፤ መሳቡ በጡንቻ ብቻ ነውና። ለዚህ ነው በነቀምት ጠዋት እኛ ሹራብ ደርበን እየተንቀጠቀጥን፣ እሷም እግሯን ማንሳት እያቃታት፣ አጠገቧ ያረፈውን ዝንብ ግን የማትስተው።

ስንት ትብላ? ትንሽና በማደግ ላይ ያለች በየቀኑ፣ ያደገች ደግሞ በየሁለት ቀኑ ጥቂት ነፍሳት ይበቋታል። የነፍሳቱ መጠን በሁለት ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት እንዳይበልጥ ይመከራል። ትልቅ አንበጣ ሊያንቃት ይችላል። ፀጉራም አባጨጓሬ፣ ንብና ተርብ አይሰጣትም።

አሁን ልብ ብላችሁ አንብቡ። ከየት የመጣ ነፍሳት ነው? ቤት ውስጥ ፍሊት ከተረጨ በኋላ መሬት ላይ የሚንፈራገጥ በረሮ ለእስስት ሞት ነው። በጓሮ ጎመን ላይ፣ በቲማቲም ላይ፣ በበቆሎ ማሳ ላይ ማላታይን ወይም ሌላ ፀረ ተባይ ከተረጨ፣ እዚያ የተገኘውን ፌንጣና ትል አንሰጣትም። ተምቹን ታስታውሱት ይሆናል። የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ አገራችን የገባው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ በወለጋ የበቆሎ ማሳ ላይ እሱን በእጅ መልቀምም ሆነ መድኃኒት መርጨት የተለመደ ሆኗል። ነፍሳቱ የበላው መድኃኒት እስስቷ ሆድ ይገባል። እስስት የሚበዛበት አጥር መድኃኒት ያልበዛበት አጥር ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

ውሃ፦ ብዙ ሰው የማያውቀው

እስስትን ያሳደገ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገጥመው ግራ መጋባት ይህ ነው። በሰሐን ውሃ ቀርቦላት በውሃ ጥም ትሞታለች! ለምን ቢባል የእስስት ዓይን የቆመ ውሃን እንደሚጠጣ ነገር አያየውም። እሷ የምታውቀው ውሃ ቅጠል ላይ የሚያብለጨልጨውን ነው፤ ጤዛውንና የዝናቡን ጠብታ። ጠብታው ሲንቀሳቀስና ሲያበራ አይታ ጠጋ ትልና ትልሰዋለች።

በእኛ አካባቢ ለብዙ ወራት ይህ ችግር የለባትም። ነቀምት ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ዝናብ የማይነፍጋት ከተማ ናት። ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ቅጠሉ ሁሉ እንደረጠበ ነው። የሚከብዳት በጋው ሲጠና፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው። መንገድ ዳር ያለው አጥር አቧራ ይለብሳል፣ ጤዛውም ፀሐይ ወጣ ስትል ይደርቃል።

ውሃ የጠማት እስስት ትታወቃለች። ዓይኗ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ኩሷ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ክፍል (ሽንቷ ማለት ነው፤ እስስት እንደ ወፍ ሽንቷን አድርቃ ነው የምታስወግደው) ወደ ቢጫነትና ብርቱካንማነት ይለወጣል። ቆዳዋም ይጨማደዳል። በቀን ዓይኗን ጨፍና የምትውል እስስት ካያችሁ ተኝታ አይደለም። እስስት በቀን አትተኛም፤ ታማለች ማለት ነው።

ቀለሟና ፀሐይ

እስስት ቀይ ሸሚዝ ላይ ብትቀመጥ ቀይ ትሆናለች? አትሆንም። ይህ ከተረትም የገነነ ስሕተት ነው። ቀለሟ የሚለወጠው በሙቀቱ፣ በስሜቷና ከሌሎች እስስቶች ጋር በምትነጋገርበት ጉዳይ ነው። ሲበርዳት ትጠቁራለች፤ ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባልና። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከፀሐይ በኩል ያለ ጎኗ ጠቁሮ፣ የወዲያኛው ጎኗ አረንጓዴ ሆኖ ልታገኟት ትችላላችሁ። ስትፈራም ትጠቁራለች። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ሆና ቀለሟ ሲጨልም «አየህ፣ ወደደችኝ» ማለት አይሠራም። ጨንቋታል።

እንዴት እንደምትለውጠውም እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባጠኑት የማዳጋስካር እስስት ላይ ታውቋል። ቆዳዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክሪስታሎች ተደርድረዋል። ተረጋግታ ሳለች ክሪስታሎቹ ይቀራረባሉ፤ ያን ጊዜ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፤ ይህም ከቆዳዋ ቢጫ ቀለም ጋር ተደርቦ ለእኛ አረንጓዴ ሆኖ ይታየናል። ስትቆጣ ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፤ ያኔ ቢጫና ቀይ ብርሃን መመለስ ይጀምራሉ። የሳሙና አረፋ ላይ የምታዩት የቀስተ ደመና ቀለምም ቀለም ሳይቀባ በብርሃን ብቻ የሚመጣ ስለሆነ የዚህ ዘመድ ነው።

ፀሐይ ለቀለሟ ብቻ አይደለም የምታስፈልጋት። የፀሐይ ጨረር ቆዳዋ ላይ ሲያርፍ ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ ያለ እሱ ካልሲየም ከምግቡ ወደ አጥንቷ አይሄድም። ቤት ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ የምትውል እስስት ቀስ በቀስ አጥንቷ ይለሰልሳል፤ እግሯ ይጣመማል፤ መንጋጋዋ ስለሚላላ ምላሷን መወርወር ያቅታታል። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ፀሐይም አይበቃትም፤ መስታወቱ የሚያስፈልጋትን ጨረር ይከለክላልና። በውጭ አገር እስስት የሚያሳድጉ ሰዎች ለዚሁ ሲሉ ልዩ አምፖል ይገዛሉ፣ በየፌንጣው ላይ የካልሲየም ዱቄት ይነሰንሳሉ፣ ቅጠሉን በየቀኑ በመርጫ ያርሳሉ። ይህን ሁሉ የኮሽሙ አጥር በነፃ ይሰጣታል።

ታዲያ ለምን ወደ ቤት አንወስዳትም?

አንደኛው ምክንያት ሕግ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ትልቅ ስለሆነ አንበሳና ዝሆን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እስስትም የዱር እንስሳ ናት። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1989 የገባችበት ሳይተስ የሚባል ዓለም አቀፍ ስምምነትም አለ። በዚህ ስምምነት በአገራችን የሚኖሩት እስስቶች ንግዳቸው ቁጥጥር የሚደረግበት እንስሳት ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጡም።

ሁለተኛው ምክንያት ጠባይዋ ነው። እስስት ብቸኛ ናት። ድመት ወይም ቡችላ ስታሻሹት ደስ ይለዋል፤ እስስት ግን መነካትን አትወድም፤ ሌላ እስስትን እንኳን ከመጋቢያ ጊዜ በቀር አጠገቧ ማየት አትፈልግም። «ጓደኛ ላምጣላት» ብሎ ሁለት እስስት አንድ ካርቶን ውስጥ መጨመር ሁለቱንም ማስጨነቅ ነው። አይዋጉም ብላችሁ ብታስቡም ይተያያሉ፤ መተያየቱ ራሱ ምግብ ያስተዋቸዋል።

ሦስተኛው የእኛ ደጋ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የምትኖረውን ትንሿን እስስት ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተጓዥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1845 ነበር። ይህች እስስት እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች! ሳይንቲስቶች ሲያስረዱ፣ በደጋ አፈሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ እንቁላል ቢቀበርበት ቶሎ አይፈለፈልም፤ እናትየዋ ግን ሆዷ ውስጥ ይዛ ከፀሐይ ፀሐይ እየተዘዋወረች ታሞቀዋለች ይላሉ። ወደ ቆላ ስትወርዱ፣ እንደ ዲዴሳ ሸለቆ ባለው ሞቃት አገር፣ የሚገኙት ትልልቅ የእስስት ዓይነቶች አፈር ቆፍረው እንቁላላቸውን ይቀብራሉ። እንግዲህ ሆዷ የተነፋ እስስት ስታገኙ «ጠግባለች» አትበሉ። እሷን አንድ አድርጋችሁ ስትወስዱ የአጥሩን የከርሞ እስስቶች በሙሉ ወስዳችሁ ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ በባሌ ተራሮች የምትኖር አንዲት እስስት አዲስ ዓይነት መሆኗ ተጠንቶ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ሰዎቹ በየቀኑ አጠገቧ እያለፉ ኖረዋል፤ አዲስ መሆኗን ለማወቅ ግን ተጠግቶ የሚያይ ሰው አስፈለገ። የእኛንም አጥር ተጠግቶ የሚያይ ይኑር እንላለን።

አጥሯ ላይ እንዳለች መንከባከብ

ክበባችን ከአጠቃላይ ሳይንስ ቲቸራችን ጋር ተማክሮ የጀመረው ሥራ ይህ ነው። እናንተም በሰፈራችሁ፣ ጊምቢም ሆነ ሻምቡ ወይም አርጆ ዘመድ ጋ ስትሄዱ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ያንን እስስት የሚታፈንበትን ሃይላንድ እንደገና እናምጣው። በደንብ ታጥቦ ንጹሕ ውሃ ይሞላል። ክዳኑ በቀጭን መርፌ ይበሳና ጠርሙሱ በገመድ ተገልብጦ ከቁጥቋጦው ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ታቹ፣ አሁን ወደ ላይ የዞረው፣ በትንሹ ይበሳ፤ አለበለዚያ አየር ስለማይገባ ውሃው መንጠባጠቡን ያቆማል። በአንድና በሁለት ሴኮንድ አንድ ጠብታ ቅጠሉ ላይ ጠብ ካለ በቂ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሰውነቷ ሲሞቅ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይንጠባጠብላት። ውሃው በየቀኑ ይቀየር። ከሥሩ ጣሳ አታስቀምጡ፤ የተጠራቀመ ውሃ የወባ ትንኝ ይፈለፍላል፤ በወለጋ ደግሞ ወባን የማያውቅ ቤት የለም። ጠብታው ቅጠሉን አልፎ ወደ አፈሩ ይስረግ፤ ኮሽሙም ይጠጣል።

ምግቡን በተመለከተ ፌንጣ እየያዝን መስጠት አያስፈልገንም። ምግቡ ራሱ ወደ እሷ እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል። የሙዝና የፓፓያ ልጣጭ በተበሳሳ ጣሳ ውስጥ ተደርጎ ቁጥቋጦው መሐል ሲሰቀል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጥቃቅን ዝንቦች ይሰበሰባሉ። ለትንንሾቹ እስስቶች የሚመቸው ይኸው ነው። ከክፍል መስኮትና ከሻይ ቤቱ ራቅ ይበል፤ አለበለዚያ ዝንቡን እኛም እንካፈላለን። በአራት ቀን አንዴ ልጣጩ ይቀየራል። ግራዋ (ኢቢቻ) የሚያብብበት ጊዜ ከሆነ ግን ይህም አያስፈልግም፤ አበባው ነፍሳቱን ራሱ ይጠራቸዋል።

ከሁሉ የሚከፋው የጽዳት ዘመቻ ቀን ነው። አጥሩ በገጀራ ይመታል፤ ቅርንጫፉ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ እስስቷም አብራ። እስስት አደጋ ሲመጣ አትሮጥም፤ ዝም ብላ ቅርንጫፉን ትጨብጣለች። ስለዚህ የዘመቻው ዋዜማ ማታ አጥሩ ይፈተሽ። ማታ ስትተኛ ቀለሟ ስለሚነጣ በባትሪ ብርሃን ከቅጠሉ ተለይታ ታበራለች፤ ቀን አሥር ጊዜ ፈልገን ያጣናትን ማታ በአንዴ እናገኛታለን። እኛ ተማሪዎች ማታ ግቢ ውስጥ ስለማንገኝ ዘበኛችንን ጋሼን ለምነናቸው ባትሪያቸውን ይዘው አይተውልናል። መጀመሪያ «እኔ ይቺን አልነካም!» ብለው ነበር። አትንኳት፣ ያለችበት ቅርንጫፍ ላይ ክር ብቻ ይሰሩልን አልናቸው። አራት ቦታ ላይ ቀይ ክር ታስሮ አደረ። በማግስቱ ክር የታሰረበት አካባቢ ሳይቆረጥ ቀረ።

የምታዩትን መጻፍም አትርሱ። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ቁሙና ሰዓቱን፣ የቀኑን ሁኔታ (ፀሐይ ነው፣ ደመና ነው?)፣ ቀለሟን፣ ምን እንደበላች በደብተር አስፍሩ። ጥሩ የተመዘገበ ወረቀት ለክበባችን ሳጥን ካስገባችሁ በሚቀጥለው እትም ከነስማችሁ እናወጣዋለን።

መሬት ላይ ወድቃ ብናገኛትስ?

ይህ ይደርሳል። ዶሮ ወይም ድመት ትጥላታለች፣ ንፋስ ይጥላታል፣ ወይም አስፋልት ስታቋርጥ መኪና ሊጨፈልቃት ይደርሳል። ያኔ መርዳት ተገቢ ነው።

በእጅ ከላይ አፈፍ አታድርጓት፤ ከላይ የሚመጣባት ነገር ለእሷ አሞራ ነው። እንጨት ከፊት እግሮቿ በታች አድርጉላትና ራሷ ትውጣ። ጣቶቿ ሁለትና ሦስት ሆነው እንደ ጉጠት የሚጨብጡ ስለሆኑ ይዛ የቆየችውን ቅርንጫፍ ጎትቶ ማስለቀቅ ጣቷን ይሰብረዋል። ጭራዋንም አትሳቡ። የእንሽላሊት ጭራ ቢቆረጥ ይበቅላል፤ የእስስት ግን አይበቅልም፤ ቅርንጫፍ የምትይዝበት አምስተኛ እጇ ነው።

ካልቆሰለች ወዲያው እዚያው አጠገብ ያለ ቁጥቋጦ ላይ አድርጓት። መንገድ ስታቋርጥ ያገኛችኋትም ወደምትሄድበት ወገን ትሻገር፤ ወደ መጣችበት ብትመልሷት ተመልሳ መውጣቷ አይቀርም። ደክማ ወይም ቆስላ ከሆነ ግን ለአንድ ቀን ማሳረፍ ይቻላል። ለአንድ ቀን ብለናል! ለትልቅ ሰው ወይም ለቲቸር ይነገር፤ ከቀበሌያችሁ አጠገብ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ካለ ይታይላት። ከፍ ያለ ቅርጫት ወይም በየጎኑ የተበሳሳ ካርቶን ውስጥ ከግራዋ ወይም ከቡና የተቆረጠ ቅጠላም ቅርንጫፍ አቁሙላት። ቅንጭብ አይሁን፤ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል። ቅጠሉ ላይ በእጃችሁ ውሃ ርጩላት። ክዳኑን በአሮጌ ሻሽ ሸፍኑ።

አጎበር ግን አትጠቀሙ! ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ከጤና ጣቢያ የሚታደለው አጎበር ትንኝ የሚገድል መድኃኒት የተነከረ ነው። ያ መድኃኒት ለሰው ተመጥኖ የተሠራ ቢሆንም፣ ስንዝር ለማትሞላ እንስሳ ቀኑን ሙሉ መረቡን ጨብጣ ስትውል አደገኛ ነው። አጎበሩ አልጋችን ላይ ይሁን።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ ካርቶኑን ወደተገኘችበት ቦታ ውሰዱ። ውሻና ዶሮ መራቃቸውን እዩ። ቅርንጫፉን ከነእሷ አውጥታችሁ ከአጥሩ ጋር አገናኙት፤ አትግፏት። መጀመሪያ አንድ ዓይኗ ይዞራል፣ ከዚያ ሌላው። ልሂድ አልሂድ እያለች አንድ እግሯን ታነሳለች። አሥር ደቂቃ ሊፈጅባት ይችላል፤ የክፍል ደወል ካልተደወለ ቁማችሁ ጠብቋት። ቅጠሉ መሐል ገብታ ከዓይናችሁ ስትጠፋ ካርቶኑን ይዛችሁ ተመለሱ፣ እጃችሁንም ታጠቡ።